የተከፈተ ሥራ አይደር፦ ጊዜ ያጠረው ቤተሰብ ቤቱን በራሱ እጅ ሲያድስ

ቤት ማደስ ጀምሮ መሃል ላይ የሚቆም ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ገንዘብ አልቆበት የሚያቆመው ግን ጥቂቱ ነው። ቀድሞ የሚያልቀው ጊዜና ትዕግሥት ነው። ሶፋው መተላለፊያ ላይ ተገትሯል፣ ግድግዳው እኩሌታው ተፍቋል፣ የካቢኔው በር ተነቅሎ አልጋ ሥር ገብቷል፤ ነገ ልጆች ትምህርት፣ ወላጆች ሥራ አላቸው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተኖረ በኋላ «እባክህ መጥተህ ጨርስልን» ተብሎ ባለሙያ ይጠራል፤ በራስ እጅ ሊተርፍ የታሰበው ገንዘብም እዚያው ይሄዳል።

ከዚህ የሚያድን አንድ ደንብ አለ፦ ማታ የተከፈተ ሥራ እዚያው ማታ ይዘጋ። ሲነጋ ክፍሉ የሚኖሩበት፣ ወጥ ቤቱ ቁርስ የሚሠራበት፣ መታጠቢያው የሚታጠቡበት ይሁን። ይህን ከያዛችሁ የምትመርጡት ሥራም፣ የምትገዙት ዕቃም፣ ቅደም ተከተሉም ይለወጣል። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ደንብ ጋር የሚሄድ ነው። ወለል መንቀልን፣ ግድግዳ ማፍረስን የመሰለውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ሁለት ሰዓት ሲመነዘር

ልጆች ከተኙ በኋላ ሁለት ሰዓት ካላችሁ ለሥራው የሚተርፈው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ዕቃ ማውጣት፣ መሸፈንና ቴፕ መለጠፍ 20 ደቂቃ ይበላል። ብሩሽ ማጠብ፣ መጥረግ፣ ሁሉን ወደ ቦታው መመለስ ሌላ 25። ይህን ሂሳብ ሳይሠራ «ዛሬ ማታ ክፍሉን እንቀባዋለን» ያለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ እርጥብ ሮለር ይዞ ይቆማል።

በዚያ ሰዓት ውስጥ በእርግጥ የሚያልቁት እንዲህ ያሉ ናቸው፦ የአንድ ክፍል ግድግዳ በሳሙና ማጠብ፤ የሚስማር ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ መሙላት፤ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ግድግዳ አንድ እጅ መቀባት፤ ሁለት ወይም ሦስት የካቢኔ በር አጥቦ ማሸት፤ አንድ መደርደሪያ መስቀል። ያሰባችሁት ሥራ ከዚህ ከበለጠ ሳትጀምሩት ቁረጡት።

የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ጊዜ የሚያሳጥረው አንድ ባልዲ ነው። ሜትር፣ እርሳስ፣ ካቻቢቴ፣ ስፓቱላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ ጓንት፣ መቁረጫ ቢላ፣ ሁለት አሮጌ ጨርቅ፤ ሁሉም በአንድ ባልዲ ውስጥ ይደሩ። ካቻቢቴ ፍለጋ መሳቢያ ለመሳቢያ መዞር የማታውን ሩብ ይወስዳል። ከባልዲው ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ዕቃ የሚበደር ሰው ቤት ውስጥ ካለ (ሁልጊዜም አለ) አንድ ተጨማሪ ካቻቢቴ መግዛት ከጭቅጭቅ ይረክሳል።

የማድረቂያ ጊዜም በዚህ አሠራር ከእናንተ ጋር ይሰለፋል። በውሃ የሚቀጠን ቀለም ሁለተኛ እጅ የሚቀበለው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ የዘይት ቀለም ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ ሲሊኮንም (የመታጠቢያ ቤት ክፍተት የሚዘጋው ማሸጊያ) ከሞላ ጎደል እንዲሁ። ማታ የተቀባ ግድግዳ እናንተ ተኝታችሁ፣ ሥራ ውላችሁ ስትመለሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቅዳሜን ሙሉ ለሥራ የሚያውል ሰው ነው ሳይደርቅ የሚደርበው። ያልደረቀ ስቱኮ ላይ ቀለም፣ ያልደረቀ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም፤ በሳምንቱ ይላጣል። አምስት አጫጭር ምሽቶች ከአንድ ረጅም ቅዳሜ የተሻለ ግድግዳ ይሰጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ቀለም ከመግዛት በፊት

4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ በ2.6 ሲባዛ 36.4 ካሬ ሜትር። በሩ 1.9፣ መስኮቱ 1.8 ካሬ ሜትር ይቀንሳል፤ 32.7 ይቀራል። ለሁለት እጅ 65.4 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ልስላሴው የተስተካከለና ቀድሞ የተቀባ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በ10 ብታሰሉት 6.5 ሊትር ይመጣል፤ 10 በመቶ ስትጨምሩ ከ7 ሊትር ትንሽ ያልፋል። አዲስ ልስን ወይም ጂፕሰም ከሆነ ግን የመጀመሪያውን እጅ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥጠው ይህ ሂሳብ አይሠራም። እዚያ ላይ መጀመሪያ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ፣ ቀለሙን የሚያስይዝ ቅብ) ወይም በውሃ የቀጠነ ቀለም አንድ እጅ ይቀባል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የቆርቆሮውን ዋጋ ተዉትና ግድግዳውን ለመሸፈን ስንት ሊትር እንደሚፈጅ አስሉ። ርካሽ ቀለም ብዙ ጊዜ ርካሽ የሚሆነው ቀለም ሰጪውና አጣባቂው ስላነሰበት ነው። ሦስተኛና አራተኛ እጅ ከጠየቀ ገንዘቡም ምሽቱም ይበልጣል። እኔ ብሆን የምቆጥበው ከትሪው፣ ከወለል መሸፈኛውና ከመሰላሉ ነው፦ አሮጌ አንሶላ ይበቃል፣ መሰላል ይዋሳሉ። በብሩሽ ላይ ግን አልቆጥብም። ፀጉሩን ግድግዳው ላይ የሚያራግፍ ብሩሽ በእያንዳንዱ ሜትር ያስቆማል።

ከተለያየ ጊዜ የተገዛ ወይም የተበጠበጠ ቀለም ካለ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅሉ። በቁጥር አንድ የሆኑ ሁለት ቆርቆሮዎች በጥቂቱ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ልዩነቱ መሃል ግድግዳ ላይ ሲገናኙ ይታያል።

ግድግዳው ራሱ

የመጀመሪያው ምሽት የማጠቢያ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም እሱን ነው። የእጅ ቅባት የነካው ማብሪያ ማጥፊያ ዙሪያ፣ የምድጃ ጭስ የተቀመጠበት ግድግዳ፣ የልጅ እጅ የሚደርስበት ከፍታ፤ እነዚህ ላይ ቀለም አይይዝም። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። ሳሙናው ከቀረ እሱም እንደ ቅባቱ ቀለሙን ይገፋዋል።

ሻጋታ ካለ መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና አራቱንም ጎን በቴፕ አሽጉት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ውሃው ከፕላስቲኩ ጀርባ በግድግዳው በኩል ከተቋጠረ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ይመጣል፦ ቧንቧ፣ ጣሪያ ወይም መሠረት። በክፍሉ በኩል ከሆነ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ መስኮት መክፈትና ዕቃን ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ ይረዳል። ሻጋታውን ራሱን አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁና ጓንት አድርጋችሁ አጽዱት። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ምንጩ ሳይዘጋ በላዩ የተቀባ ቀለም ሻጋታውን ለጥቂት ጊዜ ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

ቡናማ የውሃ እድፍ ሌላ ጠባይ አለው። በውሃ የሚቀጠን ቀለም ስትቀቡበት እድፉ በቀለሙ ውሃ ይሟሟና ወደ ላይ ይወጣል። አምስት እጅ ብትደርቡም ይመለሳል። በዘይት የተሠራ እድፍ ያዥ ፕራይመር አንድ እጅ እድፉ ላይ ብቻ ከተቀባ ግን ያበቃል።

ሁለተኛው ምሽት የስቱኮ ነው። ስንጥቅን ከላይ በመለቅለቅ መዝጋት አይቻልም። በስፓቱላው ጥግ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከፈት አድርጉት፣ አቧራውን በእርጥብ ብሩሽ አውጡ፣ ከዚያ ስቱኮውን ስንጥቁን አቋርጣችሁ ግፉት። በስንጥቁ አቅጣጫ ከጎተታችሁት ስፓቱላው የሞላውን መልሶ ያወጣዋል። በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አትሙሉ፤ ወፍራም ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ጥልቅ ቀዳዳ በሁለት ምሽት ይሞላል። በየዓመቱ እዚያው ቦታ የሚመለስ ስንጥቅ ግድግዳው እንደሚንቀሳቀስ ይነግራችኋል፤ እዚያ ላይ ደረቅ ስቱኮ ሳይሆን የሚለጠጥ አክሪሊክ መሙያ ነው የሚበጀው። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ እየረዘመ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የቀለም አይደለም፤ መሐንዲስ ይየው።

ሦስተኛው ምሽት ማሸት ነው፦ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 180፣ ሁለቱም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልለው። በጣት ብቻ ከታሸ ለስላሳው ስቱኮ ይጎደጉዳል፣ ዙሪያው ይቀራል። አቧራው ልጆች የሚተኙበት ክፍል እንዳይገባ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ አድርጉ፤ ጥቃቅን ሙሌቶችን በእርጥብ ስፖንጅ ማሸትም ይቻላል፣ አቧራ የለውም። ቤቱ አሮጌ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። የቆየ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል፤ አሜሪካ ለቤት ቀለም እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ብዙ አገሮች ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። አቧራው ለትናንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። የቀለሙ ዕድሜ ካጠራጠራችሁ ደረቁን አታሹ፣ አስመርምሩ።

የተሞሉት ቦታዎች ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ውሃ የገባበት ቀለም ጠቃ ጠቃ አድርጋችሁ ክፍሉን ዝጉ። ስቱኮ ከግድግዳው ይበልጥ ቀለም ይመጥጣል፤ ይህ ካልተደረገ ሁሉ ካለቀ በኋላ መብራት ሲበራ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥላ ደብዝዞ ይታያል።

መቀባቱ ከዚህ በኋላ ቀላሉ ክፍል ነው። ቅደም ተከተሉ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ የበርና የመስኮት እንጨት ነው። ለለስላሳ ግድግዳ የሮለሩ ፀጉር 10 ሚሊ ሜትር ይብቃ፤ ለሻካራ 18። ማዕዘኑንና ጠርዙን በብሩሽ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክበቡና ሳይደርቅ በሮለር ተከተሉት። ብዙዎች የአራቱንም ግድግዳ ጠርዝ ቀድመው በብሩሽ ይጨርሱና በኋላ ሮለር ይይዛሉ። ያን ጊዜ ጠርዙ ደርቆ ይቆይና ግድግዳው እንደ ሥዕል ፍሬም ዙሪያው ጠቆር ብሎ ይቀራል። አንድ ግድግዳ ከጠርዙ እስከ መሃሉ ከተጨረሰ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፋል፤ ይህ ደግሞ ለአጭር ምሽት የተሠራ ደንብ ይመስላል። ሮለሩ ሲደርቅ አትጫኑት፣ መልሳችሁ ንከሩት። ተጭኖ የተቀባ ሮለር በሁለቱም ጠርዙ መስመር ይተዋል።

ሮለሩን በየማታው ማጠብ አያስፈልግም። ነገ የምትቀጥሉ ከሆነ በፌስታል አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ አየሩን አስወጡ፣ እሰሩት። በውሃ የሚቀጠን ቀለም እንዲህ ሆኖ እስከ ነገ ማታ ሳይደርቅ ይቆያል፤ ከመዝጊያው 25 ደቂቃ ላይ አሥሩን ይመልስላችኋል። ቴፑን ግን የመጨረሻው እጅ ከተቀባ በኋላ አታሳድሩ። ቀለሙ ገና ለስለስ እንዳለ በራሱ ላይ መልሳችሁ በ45 ዲግሪ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ደርቆ ከተሳበ ቀለሙን ይዞ ይመጣል፤ ከደረቀባችሁ መጀመሪያ ጠርዙን በቢላ በስሱ ቁረጡት።

ግማሹን ብቻ መቀባት

ልጆች ባሉበት ቤት ግድግዳው የሚቆሽሸው ከወገብ በታች ነው። ታዲያ ላይኛውን ለምን ትቀባላችሁ? ከላይ የሰጠሁትን ክፍል ከወለል 1 ሜትር ድረስ ብቻ ብትቀቡት 13 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሁለት እጅ 3 ሊትር ይበቃል፣ ማለትም ከግማሽ በታች። ሥራውም በሁለት ምሽት ያልቃል፣ መሰላል አይፈልግም። ለታችኛው ክፍል ደመቅ ያለ፣ ሳቲን ወይም ከፊል አብረቅራቂ ቀለም ምረጡ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም ሲወለወል የተወለወለው ቦታ ያብረቀርቃል።

የዚህ ሥራ ውበት ያለው መስመሩ ላይ ነው። ከወለል በሜትር እየለካችሁ አታስምሩ፤ ወለል ቀጥ ያለ ስለማይሆን መስመሩ ከወለሉ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አንድ ነጥብ ብቻ ለኩና ያንን በውሃ ልክ ወይም ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ ዙሪያውን አድርሱ። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ይሳሳታል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ይዛችሁ ውሃው እኩል መቆሙን እዩ።

ቴፑ ከመስመሩ በላይ ይለጠፍና በስፓቱላ ወይም በካርድ ጠርዙ ይጨመቃል። አሁን የሚዘለለው እርምጃ ይመጣል፦ የታችኛውን አዲስ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት የቴፑን የታች ጠርዝ በላይኛው ቀለም በስሱ ቀቡት። ከቴፑ ሥር የሚሾልክ ቀለም ካለ የሚሾልከው ይህ ነው፤ ከላዩ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አይታይም፣ ቀዳዳውንም ዘግቶታል። ከደረቀ በኋላ አዲሱን ቀለም ሁለት እጅ ቀቡ። የላይኛው ቀለም ተራፊ ከሌላችሁ በውሃ የተሠራ ግልጽ ማት ቫርኒሽ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛው እጅ ገና ሳይጠነክር ቴፑን ስትስቡት መስመሩ በመቁረጫ የተቆረጠ ይመስላል።

የወጥ ቤት ካቢኔ

ካቢኔ ከመቀየር መቀባት ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ በችኮላ ሲሠራ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚላጠው እሱ ነው። መጀመሪያ ግን ቀለም የማይፈልገውን አድርጉ። የተጣመመ የሚመስል በር ብዙ ጊዜ ማጠፊያው ነው። የዘመናዊ ካቢኔ ማጠፊያ ሦስት ማስተካከያ አለው፦ አንዱ በሩን ወደ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ፣ ሦስተኛው ወደ ላይና ወደ ታች። ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሞክሩ። ብሎኑ በቺፑድ ውስጥ ከላላ በእንጨት ኮላ የተነከሩ የክብሪት እንጨቶች ወይም ስቴኪኒ እስኪጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁ፣ ሲደርቅ እኩል ቁረጡ፣ ብሎኑን መልሱ። እጀታ መቀየር ብቻውን ፊቱን ይለውጠዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ከአንዱ ብሎን መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩ። 96 እና 128 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ልኮች ናቸው፤ ያው ልክ ከተገኘ ቀዳዳ መሙላትም መብሳትም የለም።

መቀባት ከወሰናችሁ በአንድ ምሽት ሁለት ወይም ሦስት በር ብቻ ንቀሉ። ማጠፊያው የሚገባበት ክብ ቀዳዳ (35 ሚሊ ሜትር ነው) ውስጥ ቁጥር ጻፉና በቴፕ ሸፍኑት፤ እዚያ ቀለም ስለማይገባ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ይኖራል። ብሎኖቹን በዚያው ቁጥር በፌስታል አስቀምጡ። በር በተነቀለበት ካቢኔ ውስጥ ያለ ሳሙና፣ በረኪናና ቢላ ያን ማታውኑ ልጅ ወደማይደርስበት ይውጣ።

በሩን ሁለት ጊዜ በሳሙና እጠቡ፤ በተለይ እጀታው ዙሪያ። በ180 ብርጭቆ ወረቀት ማብረቅረቁ እስኪጠፋ እሹት፣ መግፈፍ አይጠበቅባችሁም። ሜላሚን (ፕላስቲክ የተለጠፈበት ቺፑድ) ከሆነ ለሚያንሸራትት ገጽ የተሠራ ፕራይመር የግድ ነው፤ ያለ እሱ ቀለሙ በጥፍር ይነሳል። በላዩ የተለጠፈው ፕላስቲክ ራሱ እየተነሳ ከሆነ ደግሞ በሙቀት አለስልሳችሁ ልጣችሁ አውጡት፤ በሚነሳ ነገር ላይ የተቀባ ቀለም አብሮት ይነሳል። ፕራይመሩ ሲደርቅ በ220 በስሱ አሹት፣ ከዚያ በአጭር የስፖንጅ ሮለር ሁለት ስስ እጅ። በሩ ጋደም ብሎ ይቀባ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ ጠርዙን እዩ፤ የሚንጠባጠበው እዚያ ነው፣ አሁን በብሩሽ ይነሳል፣ ነገ ግን በብርጭቆ ወረቀት ብቻ።

ሲነኩት የደረቀ ቀለም ገና አልጠነከረም። ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስድበታል። በዚህ መሃል በሩ ከካቢኔው ጋር ተጣብቆ ሲከፈት ይላጣል፤ ቤተሰቡ «አልያዘም» የሚለው ያኔ ነው። በሩን ስትመልሱ ማዕዘኑ ላይ ትንንሽ የጎማ ወይም የወፍራም ሱፍ ጨርቅ ማረፊያ ለጥፉ፣ ለዚያን ያህል ጊዜም በሳሙና አትፈትጉት።

ሲሊኮን

የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሳይነካ አዲስ የሚያስመስለው የጠቆረ ሲሊኮን መቀየር ነው። ሥራው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ማድረቂያው ግን 24 ሰዓት፣ ስለዚህ ሁሉም ታጥቦ የጨረሰበትን፣ እስከ ነገ ማታም ማንም የማይታጠብበትን ምሽት ምረጡ፤ ከደንባችን የሚወጣው ይህ ነው። አዲስ ሲሊኮን አሮጌ ላይ አይይዝም፤ በቢላ በሁለቱም ጎን ቆርጣችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ ቅሪቱን ፋቁ፣ በአልኮል ጠርጉ፣ አድርቁ። የመታጠቢያ ገንዳ ዙሪያ ከሆነ መጀመሪያ ገንዳውን በውሃ ሙሉትና ከዚያ ሲሊኮኑን አድርጉ፣ ሲሊኮኑ እስኪጠነክርም ውሃው ይቆይ። ገንዳው ሲሞላ በክብደቱ ጥቂት ስለሚወርድ ባዶ ሆኖ የተሞላ ሲሊኮን በመጀመሪያው መታጠብ ይቀደዳል። የሲሊኮኑን ቱቦ አፍ በ45 ዲግሪ፣ ከክፍተቱ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሳታቋርጡ ሳቡና በሳሙና ውሃ በተነከረ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ አለስልሱ። ሁለተኛ ጊዜ መነካካት ነው የሚያበላሸው። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ብረትን፣ የፊት መስተዋትንና እብነ በረድን ይጎዳል፤ ለእነሱ ኒውትራል የሚባለውን ግዙ።

መደርደሪያ

መደርደሪያ ከግድግዳ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ልስኑ ውስጥ ብቻ ስለቆመ ነው። ልስን 1.5 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ ፊሸሩ እሱን አልፎ ብሎኬቱ ወይም ጡቡ ውስጥ መግባት አለበት። ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር 8 ሚሊ ሜትር ድሪል፣ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን፤ ቀዳዳው ከፊሸሩ 1 ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ። ጥልቀቱን ለማወቅ ድሪሉ ላይ ቴፕ ጠቅልሉ። ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት ወይም ጡብ ላይ የድሪሉን መዶሻ አጥፉት፤ ካልሆነ የውስጡ ስስ ግድግዳ ይፈርስና ፊሸሩ ባዶ ውስጥ ይዞራል። ከቀዳዳው ሥር ወደ ላይ የተከፈተ ፖስታ በቴፕ ብትለጥፉ አቧራው እዚያው ይሰበሰባል፣ ለመጥረጊያ የሚሄደውም ጊዜ ይቀራል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን አትብሱ፤ ገመድ የሚሄደው በዚያ ነው።

18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ መጻሕፍት ተጭኖበት ከ60 ወይም ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ መሃል ድጋፍ አይሂድ። በሜትር የሚጫነው ክብደት ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን መጉበጡ 16 እጥፍ ይሆናል። ነባሩ መደርደሪያ ከጎበጠ ገልብጣችሁ ስቀሉትና ከፊት ጠርዙ ሥር 4 ሳንቲ ሜትር የቆመ እንጨት በኮላና በብሎን ግጠሙለት። ልጅ ሊንጠለጠልበት የሚችል ረጅም መደርደሪያና ቁም ሳጥን ሁሉ ከግድግዳው ጋር ይታሰር፤ ይህ ለውበት ከሚደረገው ሁሉ ይቀድማል።

መብራት፣ የማይነካውና የሚተርፈው

ክፍሉን ከቀባችሁ በኋላ ቀለሙ እንግዳ ከመሰላችሁ አምፖሉን እዩ። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ሞቅ ያለ ብርሃን ነው፣ ለሳሎንና ለመኝታ ይስማማል፤ 4000 ለወጥ ቤት ሥራ ጥሩ ነው። በአንድ ክፍል ሁለቱን መቀላቀል የትኛውንም ቀለም ያበላሻል። የድሮው 60 ዋት አምፖል የሚሰጠው ወደ 800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ኤልኢዲ ያንኑ ከ8 እስከ 10 ዋት ይሰጣል። አምፖል ከመቀየር ያለፈ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የጋዝ መስመር፣ ክብደት የተሸከመ ግድግዳና ጣሪያ ለባለሙያ ይተዉ። ሥራውን በከፊል ሠርታችሁ ብትጠብቁት (ማጠብ፣ ዕቃ ማውጣት፣ ስቱኮ) ሂሳቡ ይቀንሳል፤ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከቀለሙ የሚተርፈውን በትልቁ ቆርቆሮ አታስቀምጡ፤ ውስጡ ያለው አየር ቆዳ ያስይዘዋል። ክዳኑ በሚገጥም ትንሽ ዕቃ ሙሉት፣ ላዩ ላይ ክፍሉን፣ የቀለሙን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ፣ ውርጭና ፀሐይ ከማይደርስበት አኑሩት። ማት ቀለም ሲጠጋገን ብዙም አይታወቅም። አብረቅራቂ ከሆነ ግን ጥገናው እንደ ማኅተም ስለሚታይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን አንድ ግድግዳ መልሳችሁ ቀቡት። የታችኛው ግማሽ ብቻ ከተቀባ ያም የአንድ ምሽት ሥራ ነው።